የመካሪው ደብተር

የሌላውን ሐዘን ሊሰማ የተቀመጠ መካሪ የገዛ ልቡን ሁከት ካላወቀው፥ በባልንጀራው ነገር መካከል የራሱን ነገር እየሰማ ይፈርዳል። ስለዚህም ካርል ሮጀርስና ባልደረቦቹ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1946 እና በ1947 ዓ.ም. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች መካሪዎችን ሲያሠለጥኑ፥ ሠልጣኞቹ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት በአነስተኛ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ራሳቸው እንዲነጋገሩ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ደብተር ተጨመረበት፤ ሠልጣኙ የተቈጣበትን፥ የፈራበትን፥ ቸኩሎ የመለሰበትን ይጽፋል።

እኛም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ታናናሾቻቸውን እንዲመክሩ ስናዘጋጅ ይህንኑ ሞከርን። ነገር ግን የመምህርነት ልማድ አሸነፈንና ደብተሩን ሰብስበን በቀይ ቀለም አረምን፤ ነጥብም ሰጠን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁሉም ጻድቅ ሆኖ ተገኘ! የተቈጣ የለም፤ የፈራም የለም። አንዲት ልጅ ብቻ ባዶ ገጽ አስረከበችን። ምክንያቱን ብንጠይቃት «መምህር፥ እውነቱን ብጽፍ ስንት አገኛለሁ?» አለችን።

መልስ አጣን። በቆሎ ተማሪነታችን ዘመን በአንዲት ጎጆ እያደርን፥ የለመንነውን ቍራሽ እየተካፈልን፥ አንዱ የሌላውን ድካም ያወቀው ማንም ነጥብ ሳይሰጠው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ በባለቤቱ እጅ ይቀራል። በጉባኤው የሚነበበው እርሱ ወዶ የመረጠው ብቻ ነው፤ የተነበበውም ከደጅ አይወጣም። (ይህ በንስሐ ፈንታ የቆመ አይደለም፤ ኀጢአት የሚነገረው ለካህን ነው።) በመጀመሪያው ቀን ማንም አላነበበም። በሁለተኛው ያች ልጅ ደብተሯን ገለጠች።