አብራሪው ማንን ይስማ? አውሮፕላኖችን ከግጭት የሚጠብቀው መሣሪያ እና የ71 ሰዎች ሞት

ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ሁለት አውሮፕላኖች ነጭ መስመራቸውን እየሳቡ ሲተላለፉ፣ ከመሬት ሆኖ ለሚመለከታቸው ሰው ለጥቂት ሳይጋጩ የቀሩ ይመስሉታል። በመካከላቸው ግን ቢያንስ 1 ሺህ ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት እንዲኖር ይደረጋል። ይህንን ልዩነት የሚያስጠብቀው መሬት ላይ ሆኖ ራዳር የሚከታተለው የበረራ ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪው ሲሳሳት ወይም ሥራ ሲበዛበት የመጨረሻው መከታ አውሮፕላኑ ውስጥ የተገጠመው የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይሆናል። ባለሙያዎች ቲካስ ይሉታል።

የመሣሪያው አሠራር ጥያቄና መልስ ነው። በዙሪያው ወዳሉ አውሮፕላኖች ያለማቋረጥ የሬዲዮ ምልክት ይልካል፤ እነርሱም ትራንስፖንደር በተባለው መልስ ሰጪ መሣሪያቸው አማካኝነት ከፍታቸውን ይነግሩታል። መልሱ ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ደግሞ ርቀታቸውን ያሰላል። ሆኖም መሣሪያው በዋናነት የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰከንድ ነው። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጄቶች በአንድ ሰከንድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። በመካከላቸው 10 ኪሎ ሜትር ቢኖር የቀራቸው ጊዜ 20 ሰከንድ ብቻ ነው።

አደጋው ሲቃረብ መሣሪያው በመጀመሪያ በድምፅ “ትራፊክ፣ ትራፊክ” ብሎ አብራሪውን ያነቃል። ከዚያም ሁኔታው ካልተለወጠ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ይሰጣል፦ “ወደ ላይ ውጣ” ወይም “ዝቅ በል”። በጠባብ መተላለፊያ ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት ሰዎች ለመተላለፍ ሲሞክሩ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን እየዞሩ እንደሚገጣጠሙት ሁሉ፣ አውሮፕላኖችም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሸሹ መጋጨታቸው አይቀርም። ስለዚህ የሁለቱ አውሮፕላኖች መሣሪያዎች በሬዲዮ ተነጋግረው አንደኛው ወደ ላይ፣ ሌላኛው ወደ ታች እንዲሄድ አስቀድመው ይስማማሉ። ስምምነቱ የሚሠራው ግን ሁለቱም አብራሪዎች ሲታዘዙት ነው።

አሜሪካ መሣሪያውን በሕግ ያስገደደችው በ1978 ዓ.ም በካሊፎርኒያዋ ሴሪቶስ ከተማ ላይ የመንገደኞች አውሮፕላን ከአንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 82 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። በአሁኑ ጊዜ በዓለም አቀፍ መስመሮች የሚበሩ ትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች፣ ከአዲስ አበባ የሚነሱትም ጭምር፣ ይህንኑ መሣሪያ ይዘው ይበራሉ።

መሣሪያው መኖሩ ብቻውን በቂ አለመሆኑ የታየው ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም በደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን ከተማ ሰማይ ላይ ነው። ከሞስኮ ወደ ባርሴሎና የሚበር አንድ የሩሲያ ቱፖሌቭ 154 አውሮፕላን 69 ሰዎችን አሳፍሯል፤ አብዛኞቹ ለዕረፍት የሚጓዙ ተማሪዎች ናቸው። ከጣሊያኗ ቤርጋሞ ወደ ብራስልስ የሚሄደው ቦይንግ 757 የጭነት አውሮፕላን ደግሞ ሁለት አብራሪዎችን ብቻ ይዟል። ሁለቱም በ36 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚያ ሌሊት አካባቢውን የሚቆጣጠረው በስዊዘርላንድ ዙሪክ የሚገኘው ማዕከል ነበር። ባልደረባው ዕረፍት ላይ ስለነበር አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን በሁለት የሥራ ጠረጴዛዎች መካከል ይመላለስ ነበር። በዚያው ሰዓት በጥገና ምክንያት የራዳር ሥርዓቱ ክፍል እና ዋናው የስልክ መስመር አገልግሎት አይሰጡም ነበር።

ተቆጣጣሪው አደጋውን ዘግይቶ አየና ቱፖሌቩን ዝቅ እንዲል አዘዘ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የቱፖሌቩ መሣሪያ “ወደ ላይ ውጣ” አለ። የቦይንጉም በዚያው ቅጽበት “ዝቅ በል” አለ። የቦይንጉ አብራሪዎች መሣሪያቸውን ታዘዙ። በቱፖሌቩ ክፍል ውስጥ ረዳት አብራሪው መሣሪያው ወደ ላይ እንደሚል ለባልደረቦቹ ቢናገርም፣ አውሮፕላኑ የተቆጣጣሪውን ቃል ተከትሎ መውረዱን ቀጠለ። ተቆጣጣሪው መሣሪያዎቹ ምን እንዳሉ የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው፣ ፈጥነው እንዲወርዱ ትእዛዙን ደገመው። መሣሪያዎቹ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከሰጡ 36 ሰከንድ በኋላ አውሮፕላኖቹ ተጋጩ። 71ዱም ሰዎች ሞቱ።

አብራሪዎቹን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ለተቆጣጣሪ መታዘዝ የሙያቸው የመጀመሪያ ትምህርት ሲሆን፣ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ሲመጣ የትኛው እንደሚቀድም በጊዜው የነበሩት መመሪያዎች በአንድ ቃል አይናገሩም ነበር።

ማስጠንቀቂያውም አስቀድሞ መጥቶ ነበር። ጥር 23 ቀን 1993 ዓ.ም ጃፓን ውስጥ የአንድ አየር መንገድ ሁለት አውሮፕላኖች በተመሳሳይ ሁኔታ ሊጋጩ ደርሰው ነበር። ተቆጣጣሪው የበረራ ቁጥራቸውን ስላምታታ አንደኛው አብራሪ የመሣሪያውን ትእዛዝ ትቶ ወረደ፤ ሌላኛው ደግሞ በመሣሪያው ትእዛዝ እየወረደ ነበር። አብራሪዎቹ በመጨረሻው ሰዓት ዐይን ለዐይን ተያይተው በመሸሻቸው የሞተ ሰው የለም። ሆኖም አውሮፕላኑ በድንገት ሲዘቀዝቅ 100 ያህል ሰዎች ተጎዱ። ከዚህ በኋላ ደንቡ ሳይብራራ 17 ወራት አለፉ።

ከዩበርሊንገን በኋላ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንቡን ግልጽ አደረገ። መሣሪያው “ውጣ” ወይም “ዝቅ በል” ሲል አብራሪው ወዲያውኑ ይታዘዛል፤ ተቆጣጣሪው ሌላ ቢልም እንኳ። ለተቆጣጣሪውም በሬዲዮ ያሳውቀዋል፤ ተቆጣጣሪውም አብራሪው ነጻ መሆኑን እስኪነግረው ድረስ ለዚያ አውሮፕላን የአቅጣጫም ሆነ የከፍታ ትእዛዝ አይሰጥም።

መሣሪያው የማያየው ነገርም አለ። ትራንስፖንደር ለሌለው ወይም ላጠፋ አውሮፕላን ዕውር ነው። ከመሬት 1 ሺህ ጫማ ገደማ በታች ደግሞ “ዝቅ በል” ማለት ከመሬት ጋር ማጋጨት ሊሆን ስለሚችል ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል። ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም በዋሽንግተን ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኞች ጄት ከወታደራዊ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ 67 ሰዎች ሲሞቱ፣ የጄቱ መሣሪያ 20 ሰከንድ ያህል ሲቀር “ትራፊክ፣ ትራፊክ” ብሎ ነበር። ከፍታቸው 300 ጫማ ገደማ ስለነበር ከዚያ በኋላ ምንም አላለም።