የድረ ገጽ ንድፍ እንዴት ይመረመራል

የብራና ጸሓፊ፣ ባለቤቱ ገና ያልታወቀ የጸሎት መጽሐፍ ሲጽፍ፣ «ለገብርከ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስሙ የሚገባበትን ጥቂት ስፍራ ባዶ ትቶ ያልፍ እንደ ነበር ጥንታውያን መጻሕፍትን የተመለከተ ሰው ያውቀዋል። በኢንተርኔት የምናነባቸው ገጾች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ቴምፕሌት የሚባለው ንድፍ የማይለወጠውን አካል ይዞ ይቆያል፤ ስሙን፣ ዋጋውንና ቀኑን ግን ፕሮግራሙ ከዳታቤዝ እያወጣ በየክፍት ስፍራው ያገባና፣ የተፈጸመውን ገጽ በኤችቲኤምኤል አዘጋጅቶ ወደ አንባቢው ብራውዘር ይልከዋል። ለዓይን የሚታየውን ክፍል ከመረጃውና ከትእዛዙ ለይቶ የማቆሙን ሐሳብ ኖርዌያዊው ሊቅ ትሪግቬ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል ሳለ ያፈለቀው ሲሆን፣ ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍም በዚሁ መሠረት ላይ የታነጸ ነው።

ንድፍ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም። በሬይልስ ንድፍ ውስጥ ዋጋ የሌለው ነገር እንዲታተም ቢታዘዝ፣ ፕሮግራሙ ሳይቆምና ሳያማርር ባዶ ስፍራ ብቻ ትቶ ያልፋል፤ ለባለቤቱ ብቻ ሊታይ የሚገባው የመሰረዣ ቁልፍም ለእንግዳው ሁሉ ቢገለጥ፣ ገጹ በመልኩ ፍጹም መስሎ ይቀርባል። ስለዚህ ነው ንድፍን የሚመረምር ፈተና የሚያስፈልገው።

ለጀማሪ ፕሮግራመር ፈጥኖ የሚታየው መንገድ የወጣውን ገጽ ከተጠበቀው ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፍተት ቢጨመር ወይም ለቀለም ሲባል አንድ ምልክት ቢለወጥ፣ የገጹ ትርጓሜ ሳይነካ ፈተናው ይወድቃል፤ በከንቱ የሚወቅስ ፈተና ደግሞ ውሎ አድሮ የሚሰማው ያጣል። በ2007 ከሬይልስ 1.2 ጋር የመጣው አሰርት ሰሌክት የተባለ ረዳት ሜተድ ነገሩን በሌላ ፈር አስኬደው። ይህ ሜተድ ገጹን እንደ ተራ የፊደል ሰልፍ አይቆጥረውም፤ ክፍሎቹ ወላጅና ልጅ ሆነው የሚያያዙበት ዛፍ አድርጎ ይተነትነዋል፤ ከዚያም በሲኤስኤስ የመምረጫ አነጋገር፣ «በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ስንት ረድፍ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ዕቃ ተሰጥቶት ሦስት ረድፍ ካገኘ ይበቃዋል፤ ረድፉ ቀይም ይሁን ሰማያዊ አይገደውም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ እኔ አብልጬ የማከብረው ስለ አለመኖር የሚጠየቀውን ነው፤ ለእንግዳ በቀረበው ገጽ ላይ የመሰረዣው ቁልፍ ቁጥር ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ የሰውን ንብረት መጠበቅ ነውና። ሆኖም አደጋ አለበት፤ የመምረጫው ቃል በአንድ ፊደል ቢሳት፣ የሌለ ነገር ፈልጎ ባለማግኘቱ ፈተናው በሐሰት ያልፋል። መድኃኒቱ ጥንድ ፈተና ነው፤ በዚያው ቃል ለባለቤቱ በቀረበው ገጽ ላይ ቁልፉ መገኘቱ አስቀድሞ ይመስከር፣ ለእንግዳው መታጣቱም ከዚያ በኋላ ይታመን። እንደዚሁም ሬይልስ ከ2010 የ3.0 እትሙ ጀምሮ ወደ ንድፍ የሚገባውን ጽሑፍ በራሱ ያመክነዋል፣ ማለት በስም መስክ የተሸሸገ የተንኮል ኮድ ተራ ፊደል ሆኖ እንዲታይ ያደርገዋል፤ ዳሩ ግን ፕሮግራመሩ «ይህ ንጹሕ ነው» ብሎ በገዛ እጁ ምልክት ካደረገበት ጥበቃው ይነሣል። የስክሪፕት ምልክት ያለበትን ስም አስገብቶ ከዚያ ስም የተወለደ የስክሪፕት ክፍል በዛፉ ላይ አለመብቀሉን የሚጠይቅ አጭር ፈተና ይህን በር ይጠብቃል።

ለፈተና የሚመረጠውም ስም ሊታሰብበት ይገባል። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ ስምንት አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ረጅም ርእስን በባይት ቆጥሮ የሚቆርጥ ንድፍ በላቲን ስም ሲፈተን ደኅና ይመስላል፣ የአማርኛ ርእስ ሲገባበት ግን ፊደሉን ከመካከሉ ይሰነጥቀዋል። ለአማርኛ አንባቢ የሚሠራ ሰው በአማርኛ ይፈትን።

አክሽን ቪው ቴስት ኬዝ የተባለው የሬይልስ ክፍል አንዱን ንድፍ ብቻ፣ ያለ ሙሉ ጥያቄና መልስ፣ በእጅ በተሰጠው መረጃ አሠርቶ ውጤቱን ለምርመራ ያቀርባል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ፈታኙ የሰጠውን መረጃ እውነተኛው ፕሮግራም የማይሰጥ ከሆነ፣ ፈተናው እያለፈ ገጹ ሊሰበር ይችላል። በዚህ ምክንያት ካፒባራን በመሰለ መሣሪያ እንደ ሰው ገጽ ከፍቶ፣ የሚታየውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ቁልፍ ተጭኖ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ፈተና ጥቂትም ቢሆን መጨመር ይገባል፤ በእውነተኛ ብራውዘር ሲሠራ ዘገምተኛ ስለ ሆነ ግን ሁሉን በእርሱ መመርመር አይቻልም።

ተመሳሳይ ጥያቄ በየፈተናው ሲደጋገም ፕሮግራመሩ የራሱን ረዳት ሜተድ ይጽፋል፤ ንድፉ ሲለወጥም የሚታረመው አንድ ስፍራ ብቻ ይሆናል። ስሙ የሚጠይቀውን ነገር በግልጥ ይናገር፤ ሲወድቅም «ስሕተት» ብሎ ዝም ሳይል፣ የትኛውን ክፍል እንደ ፈለገ፣ ስንት ጠብቆ ስንት እንዳገኘ ይግለጥ።