ጡረታ ያስጻፈው ታሪክ

ደብሊን በሚገኘው የአየርላንድ ወታደራዊ ቤተ መዛግብት ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ የጡረታ ዶሴዎች አሉ። በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያመፁ፣ ቆይተውም እርስ በርስ የተታኮሱ ሰዎች ከሚያዝያ 1916 እስከ መስከረም 1923 የፈጸሙትን ዘርዝረው ለመንግሥት ያመለከቱባቸው ወረቀቶች ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሟች እናቶችና ሚስቶች ያስገቡት ማመልከቻም እዚያው አለ። ገንዘብ የፈለገ ሰው የጻፈው ነገር ለታሪክ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ዶሴዎቹን ከብዙ የጀግና ትዝታ ይልቅ ተአማኒ የሚያደርጋቸው ገንዘቡ ራሱ ነው እላለሁ፤ የሚከፍል መንግሥት ይመረምራልና።

የአየርላንድ ነፃነት ሁሉም በአንድነት የጨፈረበት ድል አልነበረም። በ1916 የትንሣኤ ሰሞን ደብሊን ላይ የፈነዳው ዐመፅ ሳምንት ሳይሞላው ተደመሰሰ። ከ1919 ጀምሮ የተካሄደው የሽምቅ ውጊያ በሐምሌ 1921 በተኩስ አቁም ቆመ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ግን ታጋዮቹን ለሁለት ከፈላቸው። ውሉን የተቀበለው ወገን መንግሥት ሆነ፤ ያልተቀበለው በሰኔ 1922 በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ተሸነፈ። በዚያ ጦርነት መንግሥት ከ70 በላይ እስረኞችን ረሽኗል። የጡረታ ሕጉ የወጣው ይህ ደም ሳይደርቅ ነው። የ1923ቱ ሕግ ቁስለኞችንና የሟች ቤተሰቦችን ይመለከታል፤ የ1924ቱ ለአገልግሎት ጡረታ ፈቀደ፤ ነገር ግን በብሔራዊ ጦሩ፣ ማለትም በአሸናፊው ወገን፣ ያላገለገለ አያገኝም። ስለዚህ በ1920 በአንድ ጉድባ አብረው ካደፈጡ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ጡረተኛ ሆነ፣ ሌላው ባዶ እጁን ቀረ። ይህ የተለወጠው በኤመን ደ ቫሌራ የሚመራው ፊያና ፎል የተባለው ፓርቲ በ1932 በምርጫ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው። የ1934ቱ ሕግ ለተሸናፊዎቹም፣ ኩማን ና ማን ለተባለው የሴቶች ድርጅት አባላትም በሩን ከፈተ።

ይሁን እንጂ በሩ መከፈቱ ሁሉም ገባ ማለት አልነበረም። አመልካቹ ቅጽ ሞልቶ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደተዋጋ ይዘረዝራል፤ ከዚያም በመሐላ ቃሉን ይሰጣል፣ በመርማሪዎች ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። የቀድሞ አዛዦቹ ስለ እሱ ይመሰክራሉ። መርማሪዎቹ በዚህ ብቻ አልረኩም። በ1930ዎቹ በየአካባቢው የቀድሞ የብርጌድ መኮንኖች ኮሚቴ አቋቁመው የአባላቱን ስም ዝርዝርና እያንዳንዱ ክፍል የፈጸመውን ጥቃት፣ የተሳታፊዎቹን ስም ጭምር፣ ጽፈው እንዲያቀርቡ ጠየቁ። አንድ ሰው በዚያ ድልድይ ነበርኩ ቢል ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል ማለት ነው። በ1924ቱና በ1934ቱ ሕጎች 82 ሺህ ያህል ሰዎች አመልክተው የተሳካላቸው ከ16 ሺህ አይበልጡም። እዚህ ላይ አንድ ክስ አለ፤ የ1934ቱ ሕግ የፓርቲ ደጋፊዎችን በአገር ገንዘብ መሸለሚያ ነበር የሚል። ፖለቲካ አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ የሕጎቹ ቅደም ተከተል ራሱ ይመሰክራል። ግን ድምፅ ለመግዛት የተነሣ መንግሥት የራሱን ሰዎች በአሥር ሺዎች ቆጥሮ አይመልስም። ውድቅ የተደረጉት ማመልከቻዎች ያንን ክስ በከፊል ያፈርሱታል።

ጥቅም ምስክርነትን ያጋንናል የሚለው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። በእርግጥ ያጋንናል። ሆኖም ያለ ጥቅም የተሰጠ ምስክርነትም የራሱ ጉድለት አለው። የወታደራዊ ታሪክ ቢሮ የተባለው የመንግሥት ተቋም ከ1947 እስከ 1957 ድረስ ከቀድሞ ታጋዮች 1,773 ምስክርነቶችን ሰብስቧል፤ ለማንም ጡረታ አልተከፈለበትም። ታላቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን እንዲሸፍን የተፈቀደለት ጊዜ በ1921ዱ ተኩስ አቁም ያበቃል። ወንድም ወንድሙን የገደለበት ዘመን ተዘለለ። የጡረታው ዶሴ ያንን መዝለል አልቻለም፤ ሕጉ እስከ 1923 ይሄዳልና አመልካቹ በእርስ በርሱ ጦርነት የት እንደነበረ መናገር ነበረበት። ጨዋነት ያፈነውን ቢሮክራሲው አናገረው። ከዚያም ባሻገር የጤና ምርመራው፣ የቤተሰብ ገቢው፣ ሥራ ያጣ ሰው የጻፈው የልመና ደብዳቤ ከመታሰቢያ ሐውልት ሥር የማይገኝ ነገር ይነግሩናል፤ ነፃነት ያመጣ ሰው ከነፃነት በኋላ ምን በልቶ እንዳደረ።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የሴቶቹ ጉዳይ ነው። ማርጋሬት ስኪኒደር በ1916ቱ ዐመፅ ጠመንጃ ይዛ ተዋግታለች፤ በሦስት ጥይትም ቆስላለች። በ1925 የቁስል ጡረታ ስትጠይቅ የመንግሥት የሕግ አማካሪ ሕጉ ወታደር የሚለው ወንድን ብቻ ነው ብሎ ተረጎመው፤ ማመልከቻዋም ተመለሰ። ጡረታውን ያገኘችው በ1938 ነው። የ1934ቱ ሕግ ሴቶችን ቢያስገባም፣ ጡረታው አምስት ደረጃዎች ኖረውት የኩማን ና ማን አባላት ከታችኞቹ ሁለቱ በላይ እንዳይወጡ ወሰነ። መልእክት ማድረስ፣ መሣሪያ መደበቅ፣ የሚታደኑትን ማብላትና ማሳደር ብዙ ጊዜ ከውጊያ አገልግሎት አልተቆጠረም፤ ያለዚህ ግን የሽምቅ ውጊያ ለአንድ ወር አይዘልቅም። የተመለሱት የሴቶች ማመልከቻዎች ይህንን ሥራ በዝርዝር ይዘዋል። መንግሥት አላውቅም ያለውን ውድቅ ባደረገበት ወረቀት ጠብቆ ማቆየቱ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው።

ከጥር 2014 ጀምሮ ዶሴዎቹ ደረጃ በደረጃ በኢንተርኔት ለሕዝብ እየተለቀቁ ነው። ይህንንም የሚቃወሙ አሉ፤ ሰዎቹ ሕመማቸውንና ችግራቸውን የተናገሩት ለአንድ ጽሕፈት ቤት እንጂ ለዓለም አልነበረም ይላሉ። ክርክሩን አከብራለሁ፤ በተለይ የሐኪም ማስረጃ ላይ ጥንቃቄ ይገባል። ነገር ግን ብዙዎቹ አመልካቾች የሚያማርሩት ምስጢራችን ወጣ ብለው ሳይሆን ማንም አልሰማንም ብለው ነበር። ደጋግመው ጽፈዋል፣ ምስክር ጨምረዋል፤ የተመለሱት እንደገና እንዲታዩ የሚፈቅድ ሕግ እስከ 1949 ድረስ ጠብቀዋል። የእነዚያን ሰዎች ዶሴ ለክብራቸው ሲባል እንቆልፈው ማለት ያኔ የተነፈጉትን ጆሮ ዛሬም መንፈግ ይመስለኛል።