የማይሸጥ የባሕር ዳር

አንባቢ ሆይ፤ ያማረ የባሕር ዳር አይቶ ቤት ልሥራበት ብሎ የማይመኝ ማን ነው? ጥፋቱም የሚመጣው ከዚሁ ምኞት ነው። አንዱ በገደሉ አናት ላይ ቤት ይሠራል፤ ሌላው ሆቴል ያቆማል፤ በመጨረሻም ሁሉ ሊያየው የመጣው ውበት ከግንብ ጀርባ ተሰውሮ ይቀራል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህር ጆን ዊቶው፥ 34 ተማሪዎች አሰማርተው የእንግሊዝን፥ የዌልስንና የሰሜን አየርላንድን የባሕር ዳርቻ አስጠኑ። ተማሪዎቹም ያዩትን በካርታ ላይ መዘገቡ። ሲሶው ያህል ቀድሞውኑ ተበላሽቶ ተገኘ።

ናሽናል ትረስት የተባለው ማኅበርም በዚያው ዓመት «ኔፕቱን» የተባለ ዘመቻ ከፍቶ፥ ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰበ ያልተነካውን ዳርቻ መግዛት ጀመረ። ነገር ግን ልብ በል፤ ዛሬ የገዛ ነገ ሊሸጥ ይችላልና መግዛት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በ1907 በወጣው ሕግ መሠረት፥ ማኅበሩ የማይሸጥ የማይለወጥ ብሎ የወሰነውን መሬት ራሱም እንኳ መልሶ ሊሸጠው አይችልም፤ መንግሥት ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ልውሰደው ቢል ነገሩ ለፓርላማ ይቀርባል።

የተበላሸውም ቢሆን ተስፋ አለው። በ1988 ማኅበሩ የድንጋይ ከሰል ጥራጊ ያጠቆረውን የሆርደንን ዳርቻ በ1 ፓውንድ ገዛ፤ በኋላም ጥራጊው ተነሥቶ ዳርቻው ጸዳ።

እንግዲህ አንተ ተማሪ፥ አንተም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፥ በአካባቢህ ያለውን ውበት ለመጠበቅ ሹመት እስኪመጣልህ አትቆይ። በመጀመሪያ ያለውንና የጠፋውን ለይተህ መዝግብ፤ እነዚያም ተማሪዎች የጀመሩት በካርታና በእርሳስ ነውና።