አሮጌው አርማታ ወዴት ይሂድ?

በሚዛን ተፈሪ፣ በሸዋ ቤንችና በቴፒ የቡና መጋዘን ያለው ነጋዴ የግቢውን የመኪና መግቢያ በአዲስ አርማታ ለማሠራት ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚያሳስበው የሲሚንቶው ዋጋ ነው። ሲሚንቶው ከሙገር ወይም ከደርባ የተጫነ እንደ ሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርስ ነውና ሥጋቱ ተገቢ ነው። ስለሚፈርሰው አሮጌ አርማታ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መግቢያ ሲፈርስ 6 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይኸውም 144 ኩንታል ያህል ነው። ይህን ሁሉ ኪራይ ከፍሎ ወንዝ ዳር ማስጣል፣ ከዚያም ለመሠረቱ ሌላ ድንጋይ ገዝቶ ማስጫን ድርብ ኪሣራ ነው። ከስብርባሪው የሚታጠበው ኖራ ያዘለ ውሃም ለዓሣ ጠንቅ ነው።

ይልቁንስ በመዶሻ ተሰባብሮ፣ ፌሮው ወጥቶ ለብረት ገዢ ቢሸጥ፣ ስብርባሪውም ከጭቃና ከእንጨት ተለይቶ ቢጠቀጠቅ፣ ዝናም በሚበዛበት በዚያ ቀይ አፈር ላይ የጭነት መኪና የሚሸከም መሠረት ይወጣዋል። አቧራው ሳንባን ስለሚጎዳ ሲሰበር ውሃ ይርከፍከፍበት። ሥራውም ቡና ከሚሰጣበት ስፍራ ይራቅ፤ ከቡናው ጋር የተቀላቀለ ጠጠር ደረጃውን ዝቅ ያደርገዋል። ለላይኛው አዲስ አርማታ ግን ጠጠሩ አዲስ ቢሆን ይሻላል፤ አሮጌው ውሃ ይመጥጣልና።