የጨው ውሃ ገንዳ ሲሸት

ጤነኛ የጨው ውሃ ዓሣ ገንዳም የራሱ ጠረን አለው። ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫውን ጠጋ ያደረገ ሰው የበርበራን ባሕር ዳርቻ በማለዳ የሚያስታውስ ለስላሳ የጨው ሽታ ይሸተዋል። ክዳኑ ከተዘጋ ግን ሳሎኑ ውስጥ ምንም መሽተት የለበትም። ገና ከበሩ የሚቀበል ሽታ ካለ ገንዳው ታሟል። ከበርበራ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ሐርጌሳ፣ 60 ሊትር በሚይዝ መስታወት ውስጥ ትንሽ ባሕር ማኖር የሚፈልግ ሰው የዓሣዎቹን ስም ከማጥናቱ በፊት ሽታ መለየት ቢማር ይሻለዋል።

ገንዳው ሲታይ ቀላል ነው፤ መስታወት፣ አሸዋ፣ ቀዳዳ የበዛበት የኮራል ድንጋይ፣ ውሃ የሚያዘዋውር ፓምፕ፣ መብራት። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዓሣው የሚያወጣውን አሞኒያ ገሚሶቹ ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደቀለለ ናይትሬት ይለውጡታል። ድንጋዩና አሸዋው ላይ በቅጡ እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት፣ በተለይ ድንጋዩ ከባሕር የወጣ ከሆነ፣ መጠነኛ ሽታ ቢኖር አያስደነግጥም፤ በድንጋዩ ላይ የሞተው ነገር እየበሰበሰ ነውና። ምክንያቱ መፈለግ ያለበት ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሽታ ነው። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወርቃማ ዓሣዎችን ከውሃ ተክል ጋር ሲያኖር የሞተው ቅጠል በስብሶ ውሃውን እንዳበላሸበት፣ ቅጠሉን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ሲጨምር ግን ውሃው እንደጠራለት ገልጿል።

ከሁሉም የከፋው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው። ይህ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ሲሆን የጨው ውሃ ገንዳ ለእርሱ በጣም የተመቸ ነው። የባሕር ውሃ ወጥ ቤት ያለው ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ብቻ አይደለም። በአንድ ሊትር ውስጥ ካለው 35 ግራም ያህል ጨው 2.7 ግራም ገደማው ሰልፌት ነው፤ በአብዛኛው ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል አይገኝም። ኦክስጅን በማይደርስበት ቦታ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የምግብ ትራፊና የዓሣ ኩስ ሲያብላሉ በኦክስጅን ፋንታ ይህን ሰልፌት ይጠቀማሉ፤ የሚያወጡትም ያንን ጋዝ ነው። ስለዚህ እንቁላል እንቁላል የሚል ገንዳ አየር ያጣ ጥግ አለው ማለት ነው። ጥጉን ለማግኘት ጎንበስ ብሎ አሸዋውን በመስታወቱ በኩል ማየት ነው። ላይኛው ንጣፍ ነጭ ሆኖ ከሥሩ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር መስመር ከታየ ቦታው እዚያ ነው፤ ጥቁረቱ ብረት ከሰልፋይድ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ቀለም ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ እጁን ከትቶ አሸዋውን ያማስላል። አደገኛ ነው። ተዳፍኖ የነበረው ጋዝ በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ በጣም ትንሽ መጠኑ ዓሣን ለመግደል ይበቃል። የሚሻለው ውሃ በሚቀየርበት ቀን ሁሉ ከጠቆረው አሸዋ ጥቂት ጥቂቱን በቱቦ እየሳቡ ማውጣት፣ የቀረውም ከ3 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ማድረግ ነው።

ሌላው ሽታ የሬሳ ነው። በትንሽ ገንዳ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ቀንድ አውጣ ነው። አንዳንዱ ዓይነት በጀርባው ከወደቀ ራሱን መገልበጥ ያቅተዋል፤ ዛጎሉ ውስጥ ሞቶ ሲቀር ደግሞ ከውጭ ሲያዩት የተኛ ይመስላል። አንስቶ ማሽተት ይበቃል፤ የሞተው አያጠራጥርም። ዓሣ ከጎደለም ከድንጋዩ ኋላ፣ ከፓምፑ ሥር፣ ዘሎ ወድቆ እንደሆነ ደግሞ ከገንዳው ጀርባ ወለሉ ላይ መፈለግ ነው። ሬሳው ከወጣ በኋላ ከውሃው ሩቡን ያህል መቀየርና በደንብ የታጠበ አክቲቬትድ ካርቦን ማጣሪያው ውስጥ መጨመር ሽታውን በቶሎ ያቃልለዋል። አንዳንዴ ውሃው ጤነኛ ሆኖ የሚሸተው ያልታጠበ ስፖንጅ ወይም የስኪመሩ ኩባያ ብቻ ነው። ስኪመር ደቃቅ አረፋ እየነፋ የተሟሟ ቆሻሻን ወደ ላይ የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ ኩባያው ውስጥ የሚጠራቀመው ጥቁር ፈሳሽ ካልተደፋ ቤቱን ይሞላዋል።

አሞኒያ ላይ ግን አፍንጫ አይታመንም። ገና ሳይሸት ዓሣ ይጎዳል፤ ለእርሱ የመመርመሪያ ጠብታ ያስፈልጋል።

ሐርጌሳ የራሷን ፈተና ትጨምራለች። ከባሕር ወለል ከ1,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት፣ ከእርሱም ጋር ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን፣ ከበርበራው 15 በመቶ ገደማ ያንሳል። የጨው ውሃ ደግሞ ድሮም ከንጹሕ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። እዚህ የአየር ፓምፕ ቅንጦት አይደለም፤ የውሃውም ገጽ ሁልጊዜ መናወጥ አለበት። መብራት ለሰዓታት ከጠፋ በዝግ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅናቸውን ጨርሰው መሞት ይጀምራሉ። መብራቱ ሲመጣ በውስጡ የቆየውን ውሃ ሳይደፉ ማስነሳት ያንን ብልሽት ሁሉ ዓሣው ላይ መልቀቅ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቤት ውስጥ መኖሩ ከብዙ ወጪ ያድናል።

አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። በየቀኑ የጎደለው የሚሞላው በጨው ውሃ ሳይሆን በተጣራ ንጹሕ ውሃ ነው። ሽታውን በዕጣን ልሸፍን ማለትም አይጠቅምም። የሐርጌሳ ቤቶች ዳብቃድ በሚባለው ማጨሻ የሚያጨሱት ኡንሲ የተባለው ዕጣን ለሰው ደስ ይላል፤ ሆኖም የአየር ፓምፑና ስኪመሩ የክፍሉን አየር ከነጭሱ ስበው ውሃው ውስጥ ያስገቡታል። ማጨሻው ሌላ ክፍል ቢሆን ይመረጣል።

ለመቀየሪያ የሚሆነውን ውሃ ከበርበራ ማስመጣት ይቻላል፤ ከወደቡና ከጀልባ ነዳጅ ርቆ መቀዳት አለበት። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። የባሕር ውሃ በደቃቅ ነፍሳት የተሞላ ነው፤ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የበርበራ ሙቀት ዝግ ጄሪካን ውስጥ ታፍነው ያልቁና መበስበስ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሲቀዳ በስስ ጨርቅ ማጥለል፣ ቤት እንደደረሰም አየር እየነፉበት ማሳደር ያስፈልጋል። በማግስቱ ጄሪካኑ ሲከፈት ከሸተተ ውሃው ገንዳው ውስጥ አይገባም።