ባዮሜዲካል ሳይንስ ምንድን ነው? የተማሩትስ በምን ይሰማራሉ?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚወጣበት ሰሞን በሕክምና ሙያ ላይ የምንገኝ ሰዎች ከዘመድ አዝማድና ከጎረቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርብልናል። ልጁ ሕክምና ለመማር ይመኛል፤ ነገር ግን ውጤቱ አልበቃውም፣ ወይም በቅቶት ሌላ የትምህርት ክፍል ደርሶታል። ወላጆቹም «እንግዲህ ምን ይሻላል?» ይላሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ «ልጄ ባዮሜዲካል ሳይንስ ልማር አለችኝ፤ ሐኪም ትሆናለች ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመነጩት ከአንድ አስተሳሰብ ነው፤ ይኸውም በጤናው ዘርፍ ከሐኪም በቀር ያለው ባለሙያ ሁሉ ሐኪም ለመሆን ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ተማሪውንም አገሪቱንም ይጎዳል። በዚህ ጽሑፍ የባዮሜዲካል ሳይንስን ምንነት፣ የትምህርቱን አካሄድና የሥራ መስኮቹን በአጭሩ ለማብራራት እሞክራለሁ።

የትምህርቱ ምንነት

ባዮሜዲካል ሳይንስ የሰው አካል በጤናም ሆነ በሕመም ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠኑ የትምህርት ዘርፎች የጋራ መጠሪያ ነው። አናቶሚ የአካል ክፍሎችን ቅርጽና አቀማመጥ፣ ፊዚዮሎጂ የየክፍሉን ተግባር፣ ባዮኬሚስትሪ በሕዋስ ውስጥ የሚካሄደውን ኬሚካዊ ሂደት ያጠናሉ። ማይክሮባዮሎጂና ፓራሲቶሎጂ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን፣ ኢሚዩኖሎጂ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል፣ ጄኔቲክስ የዘር ውርስን ይመረምራሉ። ፋርማኮሎጂ ደግሞ መድኃኒት በሰውነት ላይ፣ ሰውነትም በመድኃኒት ላይ የሚያደርጉትን ይከታተላል።

የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እነዚህኑ ትምህርቶች ተምሮ ወደ ሕሙማን ክፍል ይሻገራል። የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪ ግን እዚያው ጠልቆ ይገባል። ሐኪሙ «ይህ ሕመምተኛ ምን ሆነ? ምን ላድርግለት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የባዮሜዲካል ሳይንስ ባለሙያው «ይህ ነገር ለምን ይከሰታል? እውነት መሆኑስ በምን ይረጋገጣል?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ከስም መመሳሰል የሚመጣውን ስህተት ማስወገድ ያስፈልጋል። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የሕክምና መሣሪያዎችን የመንደፍ፣ የመትከልና የመጠገን ሙያ ነው፤ መሠረቱም ምሕንድስና ነው። የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ደግሞ ደምን፣ ሽንትንና ሌሎች ናሙናዎችን መርምሮ ለሐኪሙ ውጤት ለመስጠት የሚያሠለጥን ነው። በአገራችን ባዮሜዲካል ሳይንስ በአብዛኛው የሚሰጠው በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ደረጃ ሲሆን፣ ተመራቂው አናቶሚስት፣ ፊዚዮሎጂስት ወይም ባዮኬሚስት ተብሎ በየዘርፉ ይጠራል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን በመጀመሪያ ዲግሪም በዚሁ ስም የሚሰጥ ትምህርት አለ።

የኮዴይን ጉዳይ

የሙያው ጥቅም በምሳሌ ቢታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኮዴይን ለሕመም ማስታገሻና ለሳል ለብዙ ዘመን ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። ኮዴይን በራሱ ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ ሕመም የሚያስታግሠው በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኤንዛይም አማካይነት ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ኤንዛይም ጂን ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱም አንድ ቅጂ ይወርሳል። አንዳንድ ሰዎች ግን ከሁለት በላይ የሚሠሩ ቅጂዎች አሏቸው። እነዚህ ሰዎች ኮዴይንን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጡት፣ በተለመደው መጠን እንኳ ቢወስዱት አተነፋፈሳቸው እስከ ሞት በሚያደርስ ሁኔታ ሊዳከም ይችላል። አደጋው በሕፃናት ላይ፣ እንዲሁም መድኃኒቱን ከወሰደች እናት ጡት በሚጠቡ ጨቅላዎች ላይ ይበረታል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው የዚህ ጂን ተደራራቢ ቅጂ እንዳላቸው አሳየ። በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ይህ የሚታየው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ለሌላው ዓለም በተወሰነለት መጠን ለእኛ ሕዝብ አስተማማኝ አልነበረም ማለት ነው። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን በአገሪቱ ጥቅም ላይ እንዳይውል ወሰነ።

በጤና ጣቢያ የተቀመጠ ሐኪም አንድ ሕፃን ሽሮፕ ወስዶ ሲደክም ቢያይ፣ ምክንያቱን በማዳመጫ መሣሪያው ሊደርስበት አይችልም። የደረሰበት ጂን ቆጥሮ የሚያመሳክር፣ የመድኃኒትን ጉዞ በሰውነት ውስጥ የሚከታተል ባለሙያ ነው። ይህ ባለሙያ ሕፃኑን አያየውም፤ እናቱም ስሙን አታውቀውም፤ ሆኖም ሕይወት የሚያድን ሥራ ሠርቷል።

የሥራ መስኮች

አንደኛው መስክ ማስተማር ነው። እያንዳንዱ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና አዋላጅ ነርስ በእነዚህ መምህራን እጅ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣ ከሕንፃና ከመጻሕፍት ባላነሰ የታሰበበት ጉዳይ አናቶሚንና ፊዚዮሎጂን ማን ያስተምራል የሚለው ነበር። ሕንፃ በጥቂት ዓመት ይገነባል፤ ብቁ መምህር ለማፍራት ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት ከ10 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይጠይቃል።

ሁለተኛው መስክ ምርምር ነው። ለዚህ ቀዳሚ አርአያችን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መታየታቸውን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያድግበት እንስሳ በመሆኑ፣ እንዶድ በሽታውን ለመቆጣጠር ሊያገለግል እንደሚችል ተረዱና ምርምራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ዶክተር አክሊሉ ሐኪም አልነበሩም፤ የተሕዋስያን ሳይንስ ምሁር ነበሩ።

ዛሬም ጥያቄዎቹ አላለቁም። በወባ ፈጣን መመርመሪያ ተለይቶ የሚታወቀውን ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን የጎደላቸው የፋልሲፓረም ዝርያዎች በአገራችን ተገኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ወባ እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝም እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር ከተገኘች በኋላ በሌሎች ከተሞቻችንም ታይታለች። እነዚህን የሚከታተሉት በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

ሦስተኛው መስክ የማጣቀሻ ላቦራቶሪ ሥራ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣበት ወቅት መጀመሪያ ላይ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ምርመራው በአገር ውስጥ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በመጋቢት ሲገኝ ውጤቱን ያወጡት የራሳችን ባለሙያዎች ነበሩ። ይህ ዝግጅት በአንድ ሳምንት የመጣ ሳይሆን፣ ለዓመታት በሞሌኪዩላር ባዮሎጂ የሠለጠኑ ሰዎች በመኖራቸው የተገኘ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ የመድኃኒትና የክትባት ጥራት ቁጥጥር፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች፣ የፎረንሲክ ምርመራ፣ እንዲሁም በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም እንደሚደረገው ያለ የእንስሳት ክትባት ዝግጅት ለዚህ ሙያ ክፍት የሆኑ መስኮች ናቸው።

ከመግባት በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ይህን ሁሉ ስል የሙያውን ችግር ለመሸሸግ አይደለም። በአገራችን ሪኤጀንት በወቅቱ ላይደርስ ይችላል፤ መሣሪያ በመለዋወጫ እጦት ይቆማል፤ የምርምር ገንዘብም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ተማሪውና ወላጆቹ የሚከተሉትን አስቀድመው ቢያጣሩ ይጠቅማል።

ሀ) ዲግሪው ምን ያስችላል? ባዮሜዲካል ሳይንስ ሕመምተኛ ለመመርመርና መድኃኒት ለማዘዝ ፈቃድ አያሰጥም። በአሜሪካም ሆነ በእንግሊዝ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው ከዚህ ዲግሪ በኋላ እንደገና ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከትና መወዳደር ይኖርበታል። በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚመለከቱት በመሠረቱ የተወሰዱትን ቅድመ ትምህርቶች፣ ውጤቱንና የመግቢያ ፈተናውን እንጂ የዲግሪውን ስም አይደለም።

ለ) ዲግሪው በሙያ ማኅበር ዕውቅና አለው? በእንግሊዝ «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ያልተመዘገበ ሰው ሊጠራበት አይችልም። ለመመዝገብ የባዮሜዲካል ሳይንስ ኢንስቲትዩት ዕውቅና የሰጠው ዲግሪና በተፈቀደለት ላቦራቶሪ የሚደረግ የተግባር ሥልጠና ያስፈልጋል። ዕውቅና የሌለው ዲግሪ ያለው ተመራቂ ተጨማሪ ኮርሶችን ለመውሰድ ሊገደድ ይችላል። ይህን ከምረቃ በኋላ ማወቅ ጊዜና ገንዘብ ያስከፍላል።

ሐ) እስከ የት ለመማር ይቻላል? በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገኘው ሥራ የተወሰነ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ለማስተማርና ምርምር ለመምራት ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። በአሜሪካ አብዛኞቹ የባዮሜዲካል ዶክትሬት ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ተሸፍኖላቸው የኑሮ ድጎማ ስለሚያገኙ፣ ገንዘብ የሌለው ተማሪ በሩ ዝግ ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

መ) ተማሪው በጠባዩ ለዚህ ይሆናል? አንድ ሙከራ 10 ጊዜ ከሽፎ በ11ኛው ሊሠራ ይችላል። ዕድገቱ አዝጋሚ፣ ምስጋናውም ጥቂት ነው። ከሰው ጋር ፊት ለፊት መገናኘትን የሚወድ ልጅ ነርስነት ወይም ጤና መኮንንነት ይበልጥ ሊስማማው ይችላል። ነገሮችን ፈትቶ ማየት የሚወድ፣ «ለምን?» ማለት የማይታክተው ግን እዚህ ቤቱን ያገኛል።

የእኛ የሐኪሞች ድርሻ

ይህን መጽሔት የሚያነቡ ብዙዎቹ ሐኪሞች በመሆናቸው አንድ ነገር ልጨምር። በየቤቱ ምክር የምንጠየቀው እኛ ነን፤ ልጆች ለሌላው ሙያ የሚሰጡትን ክብር የሚማሩትም ከእኛ አነጋገር ነው። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሰፈረን ቁጥር ከሰማይ እንደወረደ የምንቀበል ከሆነ፣ ወይም ውጤት በዘገየ ቁጥር ባለሙያውን የምንቆጣ ከሆነ፣ ጎበዝ ተማሪ ወደዚያ ሊሄድ አይወድም። ከዚህ ይልቅ ያልገባንን ውጤት ደውሎ መጠየቅ፣ በሕሙማን ላይ የታዘብነውን እንግዳ ነገር ለተመራማሪዎች ማሳወቅ፣ በጋራ ማጥናትና በጋራ ማሳተም ይገባናል። በክፍላችን የምናስተውለው ነገርና በላቦራቶሪ የሚገኘው ዕውቀት ሲገናኙ ብቻ እንደ ኮዴይን ያለ ጉዳይ እልባት ያገኛል።

ለተማሪዎችም የምለው ይህን ነው። ሕክምናን ከልብ የምትወዱ ከሆነ እንደገና ሞክሩ፤ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ባዮሜዲካል ሳይንስን የምትመርጡ ከሆነ ግን ሕክምና እስኪገኝ ማረፊያ አድርጋችሁ ሳይሆን ሙያችሁ አድርጋችሁ ምረጡት። ዛሬ ፊዚዮሎጂን በቅጡ የሚያስተምር መምህር ያጣ የሕክምና ተማሪ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉድለቱን ይዞ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ይቆማል። ያንን ጉድለት የሚሞላው ይህን ትምህርት ወዶና አውቆ የመረጠ ሰው ነው።